የዱር ቃል ኪዳን፤ በእንግሊዝ አገር ስለ መንግሥት ደን ሽያጭ የሆነ ታሪክ

ርስትና ገንዘብ አንድ አይደሉም። ገንዘብን የያዘው ሰው እንደ ወደደ ያወጣዋል፤ ርስትን የያዘ ሰው ግን ከአባቶቹ ተቀብሎ ለልጆቹ የሚያስተላልፍ ባለአደራ ነው። ናቡቴ የወይኑን ቦታ ለንጉሥ አክዓብ በዋጋ እንኳ አልሰጥም ያለው ስለዚህ ነው። ንጉሥ የድሀውን ርስት በተመኘ ጊዜ የሚመጣውን ፍርድ ከመጽሐፍ ተምረናል። ነገር ግን መንግሥት በስሙ የያዘውን፥ ሕዝቡም ከአባት እስከ ልጅ ሲመላለስበት የኖረውን ደን ሊሸጥ ቢነሣ ነገሩ እንዴት ይታያል? ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ስምንት መቶ ዓመት ያህል ሲነሣና ሲወድቅ የኖረ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን በአጭሩ መጻፍ ለአንባቢ የሚጠቅም መሰለኝ። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ፥ ለአደን የወደደውን ምድር እየከለለ የዱር ሕግ የሚባል ልዩ ሕግ አቆመበት። በዚያ ሕግ ዱር ማለት ዛፍ የሞላበት ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ሜዳውም፥ ረግረጉም፥ እርሻውና መንደሩም ሳይቀር ከንጉሥ ክልል ውስጥ ከገባ ዱር ይባል ነበር። በደቡብ እንግሊዝ እስከ ዛሬ ድረስ ኒው ፎረስት እየተባለ የሚጠራው ደን በ1079 ዓ.ም. ገደማ የተከለለ ነው። በክልሉ የሚኖር ድሀ የንጉሥን አጋዘን የገደለ እንደ ሆነ፥ ቅጣቱ ዐይን እስከ ማጥፋት፥ ከዚያም አልፎ እስከ ሞት ይደርስ ነበር። ከዊልያም በኋላ የተነሡት ነገሥታትም ወሰኑን እያሰፉ ሄዱ፤ የመኳንንቱ ምድር እንኳ ከክልሉ አላመለጠም።

ንጉሥ ጆን ሕዝቡን በግብርና በቅጣት ስላስጨነቀ፥ መኳንንቱ ተነሥተውበት በ1215 ዓ.ም. ታላቁን የነጻነት ቃል ኪዳን በማኅተሙ እንዲያጸና አስገደዱት። ጆን በ1216 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ ሄንሪ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስለዚህ የመንግሥቱ እንደራሴ ዊልያም ማርሻልና የሮማው ፓፓ መልእክተኛ ጓላ፥ አገሩ ከጦርነት እንዲያርፍ ብለው ታላቁን ቃል ኪዳን እንደገና አወጡ፤ ስለ ዱር የሚናገረውንም ለብቻው አድርገው በኅዳር ወር 1217 ዓ.ም. ሌላ መጽሐፍ ጻፉ። ሕፃኑ ንጉሥ ገና የራሱ ማኅተም ስላልነበረው፥ በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች ማኅተም ጸና። የፊተኛው መጽሐፍ «ታላቁ» የተባለውም ከዚህ ከሁለተኛው፥ ከትንሹ፥ እንዲለይ ነው።

በዱር ቃል ኪዳን የተጻፈው ነገር እንዲህ ያለ ነው። ስለ ንጉሥ አጋዘን ማንም ሰው ሕይወቱን ወይም አካሉን እንዳያጣ፤ ይልቁንስ መቀጮ እንዲከፍል፥ የሚከፍለው የሌለው ግን አንድ ዓመት ከአንድ ቀን እንዲታሰር ተወሰነ። ያለ አግባብ የተከለለው ምድር ከዱር ሕግ እንዲወጣ ታዘዘ። በክልሉ ውስጥ የራሱ መሬት ያለው ነጻ ሰው ዐሣማዎቹን የባሉጥ ፍሬ እንዲያስበላ፥ ወፍጮ እንዲያቆም፥ ኵሬ እንዲቈፍር፥ በዛፉ ላይ የተገኘውንም የጭልፊት ጎጆና ማር እንዲወስድ ተፈቀደለት። ሊቀ ጳጳስ ወይም ኤጲስ ቆጶስ ወይም መኰንን በንጉሥ ዱር ሲያልፍ አንድ ወይም ሁለት አውሬ ቢገድል፥ የዱር ጠባቂው እያየው ይሁን፤ ጠባቂው ባይኖር ግን ሌባ እንዳይመስል ቀንደ መለከት ይንፋ ተባለ። ከዚህም የምንረዳው፥ ሕጉ የሚፈልገው መብት በግልጥ እንዲሠራበት እንጂ በስውር እንዲነጠቅ አለመሆኑን ነው።

ይህ ቃል ኪዳን ለሁሉ የተሰጠ አልነበረም፤ ነጻ ለተባለው ሰው እንጂ፥ ለጌታ ተገዝቶ መሬት ለሚያርሰው ጭሰኛ በስሙ የተጻፈለት የለም። ቢሆንም አጠባበቁ ሊታሰብ የሚገባው ነው። በ1297 ዓ.ም. ሁለቱ ቃል ኪዳኖች ለየካቴድራሉ ተልከው፥ በዓመት ሁለት ጊዜ በሕዝብ ፊት እንዲነበቡ፥ ሊቃነ ጳጳሳቱና ኤጲስ ቆጶሳቱም የሚያፈርሳቸውን ሰው እንዲያወግዙ ታዘዘ። በ1217 ዓ.ም. ከተጻፉት የዱር ቃል ኪዳን ቅጂዎች እስከ ዛሬ የተረፉት ሁለቱ በሊንከንና በደርሃም ካቴድራሎች የተጠበቁት ናቸው። ሕጉም እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ አልተሻረም ነበር።

ይሁን እንጂ የተጻፈ ነገር ብቻውን ዘብ አይሆንም። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ግምጃ ቤቱ በጐደለ ጊዜ፥ በ1640 ዓ.ም. ዲን የተባለውን ደን ለብረት ሠሪው ባለጸጋ ለሰር ጆን ዊንተር ሸጠው። ይህ ሰው ለብረት ማቅለጫው እጅግ ብዙ ዛፍ አስቈረጠ፤ የአገሬው ሰው ደግሞ ከብቱን ከሚያሰማራበት ስፍራ በመከልከሉ አጥሩን እያፈረሰ ተከራከረ። በመጨረሻም በ1668 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ደኑ ወደ ዘውዱ ተመለሰ፤ ለመርከብ ሥራ የሚሆን እንጨት ጠፍቶ መንግሥቱ ራሱ ተጨንቆ ነበርና።

በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከሎንዶን በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያሉት ሁለት ጎረቤታሞች ደኖች፥ ሄይኖልትና ኤፒንግ፥ ልዩ ልዩ ዕድል ገጠማቸው። ሄይኖልት በ1851 ዓ.ም. በፓርላማ ሕግ ከዱርነት ወጣና ዛፉ ተነቅሎ አብዛኛው ምድር እርሻ ሆነ። በኤፒንግም ዘውዱ የዱር መብቱን ለየባለ ርስቶቹ መሸጥ ጀመረ፤ የገዙትም ማጠር ጀመሩ። ነገር ግን በዚያ በላውተን መንደር ድሆቹ በክረምት የዛፍ ቅርንጫፍ ቈርጠው የሚያነዱበት የቈየ መብት ነበራቸው። በልማዳቸው መሠረት በኅዳር 11 ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያልቈረጡ እንደ ሆነ መብቱ ይጠፋል ይሉ ነበር። ቶማስ ዊሊንጌል የተባለ የቀን ሠራተኛ አጥሩ ከታጠረ በኋላም መቍረጡን አልተወም፤ በ1866 ዓ.ም. ከቤተ ዘመዱ አንዳንዶቹ ታሰሩ። ለካህናት የሚያሳዝነው ነገር፥ ደኑን ያሳጠረው የመንደሩ ባለ ርስት የዚያው ደብር ቄስ መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የሎንዶን ከተማ ማኅበር በዚያው ባለው መሬቱ የግጦሽ መብት አለኝ ብሎ ከሰሰ፤ በ1874 ዓ.ም. ተፈረደለት። በ1878 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ኤፒንግ ለሕዝብ መናፈሻ ሆኖ እንዲጠበቅ ተወሰነ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በ1882 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ሄዳ ለሕዝቡ መሰጠቱን አስታወቀች።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች እንጨት ስላለቀባቸው በ1919 ዓ.ም. የደን ኮሚሽን አቁመው፥ መንግሥት መሬት እየገዛ ዛፍ እንዲተክል አደረጉ። ሕዝቡም በዚህ ደን መመላለስን ለመደ። በ1981 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ግን መንግሥት ከደኑ እንዲሸጥ መንገድ ከፈተ፤ የዲን ደን ሰዎች ተከራክረው የእነርሱ ደን ብቻ እንዳይሸጥ በዚያው ሕግ አስጻፉ።

በ2008 ዓ.ም. ከደረሰው የባንኮች ውድቀት በኋላ መንግሥቱ ብዙ ዕዳ ስለ ነበረበት፥ በ2010 ዓ.ም. በእንግሊዝ ያለውን የመንግሥት ደን፥ ከ250 ሺህ ሄክታር የሚበልጠውን፥ ከእጁ ለማውጣት አሰበ። ሚኒስትሯ ካሮላይን ስፔልማን ዕቅዱን በጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረቡ። የመንግሥቱ ክርክር ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ መሥሪያ ቤት እንጨት ሻጭም የእንጨት ሻጮች ተቈጣጣሪም መሆኑ አይገባም፤ ግለ ሰዎችና የበጎ አድራጎት ማኅበሮችም ደንን በመልካም ይጠብቃሉ፤ የሕዝቡም መግቢያ አይዘጋም የሚል ነበር።

የክርክሩ ፍሬ ያለው በዚህ በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለሕዝብ የመመላለስ መብት የሰጠው በተራራና በገላጣ ምድር፥ በወል መሬትም ላይ እንጂ በደን አልነበረም። ባለቤቱ በፈቃዱ ደኑን ለሕዝብ ካልከፈተ በቀር ሕጉ አያስገድደውም። የደን ኮሚሽኑ በራሱ ርስትነት ከያዘው ደን አብዛኛውን በዚህ ሕግ ከፍቶ ስለ ነበር፥ ያ መብት ከሽያጭ በኋላም ገዢውን ያስገድደዋል። ነገር ግን መብቱ በእግር ለሚሄድ ብቻ ነው። በፈረስና በቢሲክሌት መሄድ፥ መኪና ማቆሚያው፥ ማረፊያው፥ የተጠረገው መንገድ ሁሉ በኮሚሽኑ ፈቃድ የቆመ ስለ ሆነ፥ አዲሱ ባለቤት ቢከለክለው የሚያስገድደው የለም። ሽማግሌና አካለ ስንኩል ከመኪና ወርደው የሚያርፉበት ደጅ ከተዘጋ፥ መብቱ በወረቀት ይቀራል።

ሕዝቡ ይህን ዐወቀ። በዲን ደን በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በብርድ ተሰበሰቡ፤ በአገሩ ሁሉ ከ500 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በአቤቱታ ላይ ስማቸውን አኖሩ፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮዋን ዊልያምስም ከሌሎች ታዋቂ ሰዎች ጋራ ተቃውሞ ጻፉ። ዕቅዱ ከወጣ ሦስት ሳምንት እንደ ሆነው፥ በየካቲት 17 ቀን፥ ሚኒስትሯ በፓርላማ ፊት ይቅርታ ጠይቀው ዕቅዱን ተዉት። ነገሩን መርምሮ ምክር እንዲሰጥ ለተመረጠው ጉባኤም የሊቨርፑሉ ኤጲስ ቆጶስ ጀምስ ጆንስ ሊቀ መንበር ሆኑ። ጉባኤው በ2012 ዓ.ም. ደኑ በሕዝብ እጅ እንዲቀር መከረ፤ መንግሥቱም በ2013 ዓ.ም. ምክሩን ተቀብሎ ደኑ በሕዝብ ይዞታ እንዲኖር ወሰነ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። ደን የተሸጠው ወይም ሊሸጥ የታሰበው ብዙውን ጊዜ ግምጃ ቤት በጐደለ ጊዜ ነው፤ ጕድለቱ ግን ያልፋል፥ የተሸጠው ርስት በቀላሉ አይመለስም። የተጻፈ ሕግም ሄይኖልትን አላዳነውም፤ ኤፒንግን ያዳነው መብቱን በብርድ ሌሊት ወጥቶ የሠራበት ድሀና፥ ያንን መብት ወደ ዳኛ ያደረሱ ሰዎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም በዚህ ታሪክ በሁለት ወገን ተገኝተዋል፤ አንዱ ቄስ ደኑን አጠረ፥ አንዱ ኤጲስ ቆጶስ የሕዝቡን ቃል ሰምቶ ለመንግሥት አደረሰ። በየደብሩ ቅጥር ጽድና ወይራ የምንጠብቅ እኛም፥ ለአደራው እንደ የትኛው እንደምንሆን በጊዜው ልናስብበት ይገባናል።