ተወርውሮ የመጣ ድንጋይ

እኔ አዲሱ ገበያ ግንብ ስለምድ ሰው የሚኮራው በጥርብ ድንጋይ ነበር። የጀርባችን እንጦጦም የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ ግን ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት ስለሚበልጥ ማንንም አያስፈራም። ብሎኬት ሲመጣ ሥራውም ድንጋዩም ተለወጠ። አሁን ሲኖትራክ የሚያራግፈው ፑሚስና ሬድ አሽ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ መዳፍ የሚልጥ ነው። ይህ ወደ ሰማይ ተወርውሮ የወደቀ ድንጋይ ነው። የቀለጠው ዐለት ሽቅብ ሲወጣ ጫናው ይቀልለታል፤ በውስጡ የታመቀው ጋዝ እንደ ጠላ አረፋ ይገነፍላል፤ አረፋው እየተበጣጠሰ ይረጫል፣ ቀዝቅዞም ይደርቃል። በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት ቀያይ ኮረብታዎች የተከመሩት እንዲህ ነው። ብዙዎቹን ኤክስካቫተር እየበላቸው ነው።

ክፉው ግን ሌላው ዓይነት ፍንዳታ ነው። እዚያው ቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች የተኙባቸውን ጉድጓዶች የቆፈረው ፍንዳታ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ከቀለጠ ዐለት ጋር ሲገናኝ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። አንዳንዴ የቀለጠው ነገር ብቅ ሳይል እንፋሎቱ ብቻ አሮጌውን ዐለት ሰባብሮ ይወረውራል፤ ያኔ ማስጠንቀቂያው ትንሽ ነው። በ2007 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ የጃፓኑ ኦንታኬ እንዲህ ፈነዳ። የበልግ ቅጠል ሊያዩ ከወጡት ተራራ ወጪዎች 58 ሞቱ፣ 5 ጠፍተው ቀሩ። አብዛኞቹን የገደለው ድንጋይ ነው።

የእኛው ዳባሁ ደግሞ የፈነዳው በደመራ ዕለት ነው፣ መስከረም 16 ቀን 1998። አፋር ውስጥ ምድር ተሰነጠቀ፣ አመዱ ቀኑን አጨለመው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። አዲስ አበባ በዚያ ምሽት ችቦ ታበራ ነበር።

ከተሜ የሚያወራው ስለ አመድ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰ፣ በረራ አወከ፤ ወሬውም እሱ ሆነ። ትልልቁ ድንጋይ ግን ከተራራው አፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ አዲሱ ገበያ ያለ ሰው አይፈራውም፤ የሚፈራው በተራራው ሥር ያለው እረኛ ነው።

ታኅሣሥ 2017 ላይ በመሬት መንቀጥቀጥ አልጋችን ሲወዛወዝ ሁላችንም ግድግዳችንን አየን። ታኅሣሥ 25 አፋር ውስጥ ዶፈን ተራራ አካባቢ መሬቱ እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ ተፋ። ግንበኛ ስለሆንኩ ያሰብኩት ስለ ቤት ነው። ለመንቀጥቀጥ የአፋሩ የሰሌን ቤት ከእኔ ብሎኬት ይሻላል፤ ቢወድቅም አይገድልም። ለሚወረወር ድንጋይ ግን ሰሌን ምን ያደርጋል? ጃፓኖች ሳኩራጂማ እሳተ ገሞራ ላይ የኮንክሪት መጠለያ ሠርተዋል፤ ከብት ተከትሎ ለሚዞር ሰው ግን መጠለያው የት ይተከልለታል? የቀረው መላ መራቅ ብቻ ነበር፤ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች ሕዝቡ ልጁንና ከብቱን ይዞ ወጣ።