ሰንጠረዥና ፈራጆቹ

በሸዋ ሮቢት የቀትሩ ሙቀት ሲበረታ፥ ተማሪው ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና በስልኩ ላይ ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች ሲደረድር ይታያል። ወላጆችም «ይህ ለምን ይጠቅማል?» እያሉ ይቈጣሉ። ጥያቄው ግን ሊቃውንትንም ያከራከረ ነው።

ቴትሪስ የሚባለውን ይህን ጨዋታ በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በሞስኮ የፈለሰፈው አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ነው። ብልሃቱ እጅ ሳይዘገይ አእምሮም ሳያርፍ አብረው እንዲሠሩ ማስገደዱ ነው። በ2012 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከስብስቡ ጋር ሊያኖረው በወሰነ ጊዜ ጆናታን ጆንስ የተባለው የብሪታንያ ሐያሲ በጋርዲያን ጋዜጣ ተቃወመ። እንዲህ ያለው ነገር ኪነ ጥበብ አይደለም፤ ቼዝ እንኳ ታላቅ ጨዋታ ሲሆን ተጫዋቹ ከያኒ አይባልም ሲል ተከራከረ።

ቼዝ ከተነሣ ዘንድ እኛም የራሳችን ሰንጠረዥ ነበረን። ስሙ ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» የመጣ ነው፤ የዘይላ ነጋዴዎች ወደ ደጋው የሚወጡበት ጥንታዊ መንገድም ይህንኑ የይፋትን ቈላ ያቋርጥ ነበር። በ64ቱ ቤቶች ላይ ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ፊል፥ ፈረስ፥ ደርና መደቅ ይሰለፋሉ። ከአውሮፓው ቼዝ ይልቁን የሚለየው በአጀማመሩ ነው። «ወረራ» በተባለው ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፥ አንዱ የሌላውን እጅ እየተመለከተ፥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ያስቀመጡትንም መልሰው ያነሣሉ። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ፍጥነትን ከስሌት ጋር ማጣመር በሞስኮ አልተጀመረም።

ፈረንጆቹስ ምን ብለው ፈረዱ? ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ፥ በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፥ ግን ግዙፍና ሻካራ ናቸው ሲል ጻፈ። ስለ ጠጠሩ ውበት መፍረድስ ቀላል ነው። የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ግን ሕጉን በዝርዝር መዝግቦ ስለተወልን ምስጋና ይገባዋል፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1868 ነው። በዚህ ጨዋታ ንጉሡን በታላላቆቹ ኃይል መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፤ በትንሹ መደቅ የያዘ ግን ይጨበጨብለታል። ይህን የመሰለ ደንብ ያወጡት አባቶቻችን ስለ ጨዋታቸው ራሳቸው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ምንኛ በተደሰትሁ! በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስቦ ያቀረበውም ሪቻርድ ፓንክረስት ነው።

ከ1935ቱ የጣልያን ወረራ ወዲህ ሰንጠረዥ ከመኳንንቱ አዳራሽ እየጠፋ ሄደ። ከክፍላችን ተማሪዎች መካከል ጡብ መደርደሩን የማያውቅ የለም፤ ስለ ወረራ ስጠይቃቸው ግን ሁሉም ስለ ማይጨው ይነግሩኝ ጀመር።