«ወክ» ሲገላበጥ

ማምሻውን «ወክ እናድርግ» የሚል የአዲስ አበባ ልጅ የሚያስበው መንሸራሸርን ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግን የቃሉ ሥር «ዌልካን» ከእግር ጋር ጉዳይ አልነበረውም፤ መንከባለል፣ እንደ ማዕበል መናወጥ ማለት ነበር። በእግር መሄድን መግለጽ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1200 ገደማ ወዲህ ነው። ምን አገናኛቸው? እኔን የሚጥመኝ ግምት ከጨርቅ ሥራ መንደር የመጣው ነው። እርጥብ የሱፍ ጨርቅ እስኪጠብቅ ድረስ በእግሩ የሚረግጥ ሠራተኛ «ዎከር» ይባል ነበር፤ በጀርመንኛ «ቫልከን» ዛሬም ይኸው ሥራ ነው። የቤተሰብ ስሙም ከዚያ ቀረ። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1908 ለጆኒ ዎከር ውስኪ የተሣለውና እስካሁን የሚራመደው ባለ ከዘራ፣ ለስሙ ቢታመን ኖሮ አንድ ቦታ ቆሞ ጨርቅ ይረግጥ ነበር።