አቧራ ነው ጋሼ

መሳለሚያ እህል በረንዳ አቧራ የሌለበት ቀን አልነበረም። የጤፉ፣ የስንዴው፣ የባቄላው ብናኝ ከጆንያው እየተነሣ የሰውን ቅንድብ ያነጣው ነበር። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ፣ በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ሲመዝንና ሲመዘግብ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት በሌለ ቀን ምሳውን ይዤለት እሄድ ነበር።

ከእነዚያ ቀኖች አንዱን አልረሳውም። አንድ ወጣት ተሸካሚ ኩንታሉን ከጫንቃው አውርዶ ቀና ሲል እንባው በብናኙ ላይ ሁለት መስመር አስምሮ ይወርዳል። አባቴ አየውና «ምነው ልጄ?» አለው።

«አቧራ ነው ጋሼ» አለ ልጁ።

አባቴ ጥቂት ዝም ብሎ «እውነትህን ነው፣ ዛሬ አቧራው በዝቷል። እስቲ ከወዲያ ካለው ጆንያ ላይ አረፍ በል» አለው። ሌላ ነገር አልጠየቀውም። ጉዳዩን የሰማሁት ማታ ቤት ከገባን በኋላ ነው። የልጁ እናት አገር ቤት ሞታ ኖሮ መርዶው የደረሰው በዚያው ዕለት ጠዋት ነበር። በማግስቱ ጓደኞቹ ካላቸው ላይ አዋጥተው የመሳፈሪያ ሰጡት።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። «በሥራ ቦታ ለእውነተኛ ስሜት ቦታ እንስጥ» የሚል ምክር በየስብሰባውና በየሥልጠናው እየተሰማ ነው። ምክሩ መልካም ነው። የሚገርመኝ ግን እንደ አዲስ ግኝት መቅረቡ ነው። አገራችን በዚህ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አላት፤ ግማሹ የሚያኮራ፣ ግማሹ የሚያሳፍር።

ከወፍጮው እንጀምር። ጥንት በመኳንንቱ ግቢ ውስጥ ብዙ ጉልበት የሚፈስበት የሥራ ቦታ ወፍጮ ቤት ነበር። ከፈጪዎቹ መካከል ባሮች ነበሩበት፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው እኮ በ1934 ዓ.ም. ነው። «እመቤቴ ጨካኝ ናት» ብላ በአደባባይ የምትናገር ፈጪ የሚጠብቃት ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ያንኑ ቃል ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በዜማ አድርጋ ብታንጎራጉረው ግን ዘፈን ነው! እመቤቲቱ ትሰማለች፤ እንዳልሰማች ትሆናለች። ሰሙ ለእመቤት፣ ወርቁ ለባልንጀራ ይደርሳል። በደቦ አጨዳ ላይም እንዲሁ ነበር። ፊት ለፊት ቢነገር ጠብ የሚያስነሣው ቅሬታ በዘፈን ሲመጣ ያስቃል፤ የገባውም ይገባዋል።

ነገሥታቱም ይህን ያውቁ ነበር። የሕዝቡን ልብ ለመረዳት ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ልብ በሉ፤ የሚጠየቀው እረኛው በመስኩ የዘፈነው ነው። እረኛውን ራሱን ችሎት አቁመው «ለመሆኑ ምን ይሰማሃል?» ቢሉት ኖሮ መልሱ ምን ሊሆን ነው? «አቧራ ነው ጃንሆይ!» ከማለት በቀር።

ከገጠሩ ወደ ከተማው እንምጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ጊዜ ትልቁ ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ፣ ከአራዳ፣ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ። የዛሬው መርካቶ እንዲህ ተቆረቆረ። ከየአውራጃው ለሥራ የመጣው ሰው ዘመዱን ትቶ የመጣ ነው። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ቢያዝን ማን ያስተዛዝነዋል? ዕድር ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ በከተማው ተስፋፋ፤ ከሰፈርም አልፎ በየሥራ ቦታው ገባ። የሠራተኛ ማኅበራት በሕግ ታውቀው የአንድነት ማኅበራቸውን ያቆሙት በ1955 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሠራተኛ ሳይፈራ የሚሰባሰብበት ጥላ ዕድርና መረዳጃ ማኅበር ነበር። ስለ ደሞዝ በአንድ ላይ መናገር በማይቻልበት ዘመን ስለ ኀዘን በአንድ ላይ መናገር ይቻል ነበር ማለት ነው።

የሚያሳፍረው ግማሽ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተቋቋመ። ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር መጣ። የልብን አውጥቶ መናገር እንደ ሥራ ሰዓት ግዴታ ሆነ። ቀይ ሽብር ሲፋፋም ደግሞ ስብሰባው የማጋለጫ መድረክ ሆነ። የተናገረው በንግግሩ፣ ዝም ያለውም በዝምታው ተጠረጠረ። በዚያው ሰሞን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። እንግዲህ አስቡት! አፍ እንዲናገር፣ ዓይን ግን እንዳያነባ የታዘዘበት ዘመን ነበር። ስንቱ ሰው ወንድሙን አጥቶ በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ሲደምር ዋለ!

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከበረሃ የመጣው ግምገማ በተራው ወደ መሥሪያ ቤቶች ገባ። እርግጥ ነው፣ ግምገማ ሰው አልገደለም፤ ከቀይ ሽብር ጋር ማስተካከል ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ግልጽነትን በትእዛዝ ማውጣት የሚለውን እምነት ወርሷል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። አባቴ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ የግምገማ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው በለሰለሰ ድምፅ «ግልጽ ሁኚ፤ ምን ይሰማሻል? እዚህ ያለነው ቤተሰብ ነን» አሉኝ። አመንኳቸው። ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለኝ፣ የምጽፈው ነገር ትርጉም እንዳጣብኝ ነገርኳቸው። ሁሉም አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእጄ በደረሰኝ ወረቀት ላይ «የሥራ ተነሣሽነት ይጎድላታል» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። በሚቀጥለው ግምገማ «ደህና ነኝ» አልኩ። ጥሩ ነጥብም ተሰጠኝ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የዴልታ አየር መንገድ አስተናጋጆችን አጥንታ፣ ፈገግታም እንደ ጉልበት ለቀጣሪ እንደሚሸጥ አሳይታለች። እኛ ዘንድ ፈገግታው በግድ፣ እዚያ በደሞዝ መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሕጉ የራሱን ድርሻ ይዟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከነደሞዙ ይሰጣል። ሦስት ቀን ለለቅሶ ቤት ይበቃ ይሆናል። በአራተኛው ቀን ሰውየው ኀዘኑን ይዞ ወደ ሥራው ሲመለስ ግን አዋጁ አብሮት አይገባም። ያን ጊዜ ጉዳዩ የሚወድቀው ሚዛኑን በያዘው ሰው እጅ ላይ ነው።

አባቴ ሥልጠና አልወሰደም። ያደረገው ነገር ሦስት ብቻ ነው፤ እንባውን አየ፣ የልጁን ሰበብ ተቀበለ፣ ማረፊያ ሰጠ። በዚያ ቀን የልጁን ሸክም ሲመዘግብ ያረፈበትን ሰዓት አልጻፈበትም። እኔን የጠየቁኝ ሰብሳቢ ደግሞ ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ጻፉ። የሰማሁትን ነገር በማን ላይ እጽፈዋለሁ የሚል ሰው ፊት ማንም ልቡን አይከፍትም፤ ቢከፍትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በቅርቡ መሳለሚያ ወርጄ ነበር። ቃሉን እንደ ልጅነቴ ሳላስተውል አላለፍኩትም፤ መሳለሚያ፣ ቆም ብለው የሚሳለሙበት ቦታ። አንድ ተሸካሚ ጭነቱን ተደግፎ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ አየሁ። አቧራ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅሁትም። «አይዞህ ወንድሜ» ብዬው አለፍኩ። እሱም «ኑሪ እህቴ» አለኝ።