ዜና ማሩ ወሰላማዊት

የጎንደር ነገሥታት ጸሐፊዎች ንጉሡ የት እንደ ዘመተ፣ የት እንደ ከረመ፣ ማንን ሾሞ ማንን እንደ ሻረ በየዓመቱ ጽፈው አቆይተውናል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ዘውድ ስላልጫነ፣ ጦርም ስላላዘመተ፣ በእግሩ ብርታት ብቻ ስሙ ስለ ተጠራ አንድ የጎንደር አገር ተወላጅና ስለ ሚስቱ ነው።

በ1984 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በ11ኛው ቀን ማሩ ተፈሪ ሰቀልት በምትባለው አገር ከቤተ እስራኤል ወገን ተወለደ። ይህ ወገን ኦሪትን ጠብቆ በስሜንና በወገራ፣ በደምቢያና በጭልጋ የኖረ ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆርቁረው ግንብ ማሠራት በጀመሩ ጊዜ፣ ከእርሳቸውም በኋላ በነገሡት ዘመን፣ ድንጋይ በመጥረቡና ብረት በመቀጥቀጡ የዚህ ወገን እጅ ነበረበት። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከእነርሱ ይገዛ ነበር፤ ገዝቶም ሲመለስ ቡዳ ናቸው እያለ ያማቸው ነበር። ግንቡን የሚያደንቅ ይህንንም ይወቅ።

የነገሥታቱ ዜና መዋዕልም የዚህን ወገን ስም የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ሲሸነፍ ነው። በአፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ንጉሡ የስሜኑን አለቃ ረዳኢን ሊወጋ ወደ አምባው በወጣ ጊዜ የሆነ አንድ ነገር ተጽፏል። አንዲት ሴት ተማርካ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ስትሄድ የአዶናይን ስም ጠርታ ራሷን ወደ ታች ጣለች፤ ሰውየውም ከእርሷ ጋር ወረደ። ጸሐፊው የንጉሥ ሰው ነበር፤ ሴቲቱም ለእርሱ ጠላት ነበረች፤ ነገር ግን ድፍረቷን አልሸሸገም። እኛም በጠላት ቤት የተገኘን ጀግንነት የመጻፍን ወግ ከእርሱ እንወስዳለን፤ ጠላት ማለቱን ግን እንተወዋለን።

ከዚህም በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1977 ዓ.ም. በረኃብ ዘመን ከጎንደር አውራጃዎች ሺሆች በሌሊት እየተጓዙ ሱዳን ገቡ፤ ብዙዎች በመንገድና በመጠለያው ሞቱ፤ 8,000 ያህሉ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ በወደቀበት ሰሞን በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ከአዲስ አበባ ተጫኑ። የቀሩትም ጎንደር ከተማ ወርደው ተራቸውን ዓመት ከዓመት ጠበቁ። ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ባለችው ወለቃ የሸክላው ሥራ ቀረ፤ ሠሪዎቹ ግን አብዛኞቹ ሄደዋል። ማሩም በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ እስራኤል ሄደ።

በዚያም አገር ሯጭ ሆነ። በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሮጠ፤ ስሙ ግን ገና አልገነነም። ሰላማዊትንም አገባ፤ እርሷም በኢትዮጵያ የተወለደች ሯጭ ናት፤ በዚያም አገር ልማድ በባሏ ስም ሰላማዊት ተፈሪ ተባለች። በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ እርሷ 5,000 እና 10,000 ሜትር ሮጠች። እርሱም የቶኪዮ ሙቀት ተፈርቶ ማራቶኑ ወደ ሳፖሮ ስለ ተዛወረ በዚያ ነሐሴ 2 ቀን ሮጦ 13ኛ ሆነ። ሳፖሮም ቢሆን አልበረደችም፤ ብዙዎች አቋርጠው ወጥተዋል። ባልና ሚስት በአንድ ኦሊምፒክ ለእስራኤል ሲሰለፉ እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። በሩጫ እንደ ሜዳ ቴኒስ ወይም እንደ ባድሜንተን ጥንድ የሚባል ግጥሚያ የለም፤ መካሪና ተመካሪ ሆነው አንድ ቤት ማደራቸው ግን ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በሙኒክ በአውሮፓ ሻምፒዮና ማሩ እስከ መጨረሻው መታጠፊያ ወርቁን ይዞት ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ጀርመናዊው ሪቻርድ ሪንገር በአገሩ ሕዝብ ጩኸት እየተገፋ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አልፎት በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ገባ፤ ማሩም በ2 ሰከንድ ተቀድሞ ብር አገኘ። ነሐሱን ጋሻው አየለ ወሰደ፤ እርሱም ኢትዮጵያ የተወለደ ነው። በቡድንም ወርቁ የእስራኤል ሆነ።

ኅዳር 25 ቀን 2015 ዓ.ም. በጃፓን ፉኩኦካ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ፉኩኦካ ገዛኸኝ አበራ ሦስት ጊዜ፣ ጸጋዬ ከበደ ሁለት ጊዜ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ያሸነፉባት ከተማ ናት፤ በዚያ ማሸነፍ ለአንድ ማራቶን ሯጭ እንደ ሹመት ይቆጠራል።

ነሐሴ 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ዕለተ እሑድ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ። ዩጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋትና የእኛው ልዑል ገብረ ሥላሴ ከፊት ተለይተው ሲፋለሙ ማሩ ከኋላ ይከተል ነበር። ኪፕላንጋት ጥሎ ሄደ፤ ልዑልም ደከመ። ያን ጊዜ ማሩ ደርሶበት አለፈው። ኪፕላንጋት በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ፣ ማሩ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ፣ ልዑልም ከማሩ 7 ሰከንድ ዘግይቶ ገባ። በጎንደር ቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው ይህ ከባድ ሰዓት ነው፤ የተቀደመው የእኛ፣ የቀደመውም ከእኛ የወጣ ነውና። እኔ ጸሐፊው ሁለቱንም በአንድ ገጽ ጻፍኩ፤ የሚፍቅ ቢመጣ ብራናው ይቀደድበታል።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ 4 ቀን ማሩ በፓሪስ ኦሊምፒክም ሮጠ፤ ሜዳሊያ ግን አላገኘም። የዚያን ቀን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈው ታምራት ቶላ ነው፤ የእርሱ ዜና የሌላ ጸሐፊ ሥራ ነው።