ጳጉሜን የማያውቅ ሰዓት

አባቴ ሲሞት ለእኔ የደረሰኝ ንብረት አንድ የእጅ ሰዓት ነው። ስስ ነው፤ ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ገብቶ ይሰወራል። የወርቅ ቅብ ነው፤ ማሰሪያው ቆዳ፣ መስተዋቱ የተጫጫረ። በየጠዋቱ ካልሞሉት ይቆማል፤ ውሃ ከነካው ውስጡ ጉም ይሞላል። ታናሽ እኅቴ «ለምን ሸጠህ የሚሠራ ሰዓት አትገዛም?» ብትለኝ ቶሎ የምሰጣት መልስ አጣሁ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰዓት ጥቅሙ ምንድን ነው?

እኛ ልብስን የክትና የዘወትር ብለን እንለያለን። ሰዓትም የክትና የዘወትር አለው። የክት ሰዓት የሚባለው ስስ፣ ጌጡ የበዛ ያልሆነ፣ ከወርቅ ወይም ወርቅ ከመሰለ ነገር የተሠራ፣ በቆዳ የሚታሰር፣ ለሠርግና ለግብዣ የሚወጣው ነው። ብዙዎቻችን ይህ ዓይነት ሰዓት የተወለደው ከቤተ መንግሥት አዳራሽ ይመስለናል። ታሪኩን ያገላበጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። (ከዚህ በታች የውጭውን ታሪክ ሳወሳ የምጠቅሳቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በአውሮፓ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ድረስ ወንድ ልጅ ሰዓቱን የሚይዘው በኪሱ ነበር። በእጅ የሚታሰር ሰዓት የሴት ጌጥ ነው እየተባለ ይናቅ ነበር። ወንዶቹን ያሸነፋቸው ችግር ነው። ፓሪስ ይኖር የነበረው ብራዚላዊው በራሪ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን፣ ሁለት እጁ መሪ ይዞ ሳለ ከኪሱ ሰዓት ማውጣት እንደማይችል ለወዳጁ ለጌጥ ሠሪው ለሉዊ ካርቲየ ነገረው። ካርቲየም በ1904 አራት ማዕዘን የሆነ፣ በቆዳ የሚታሰር ሰዓት ሠራለት። ቀጥሎ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በምሽግ ውስጥ ያለ ወታደር አንድ እጁ መሣሪያ፣ ሌላው ካርታ ይዟል፤ ኪሱን የሚዳብስበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ከጦር ሜዳ ወደ ከተማ ተመለሰ። ካርቲየ በ1917 የነደፈው «ታንክ» የተባለው ሰዓት ስሙን ያገኘው ከዚያው ጦርነት ታንክ ነው። ዛሬ ዲፕሎማቶችና ሙሽሮች የሚያደርጉት ያ ሰዓት፣ የስሙ ምንጭ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ነው ማለት ነው።

በ1932 ደግሞ የጄኔቫው ፓቴክ ፊሊፕ «ካላትራቫ» የሚባለውን ክብ ሰዓት አወጣ። ከሰዓት ከደቂቃና ከሴኮንድ በቀር የሚናገረው የለም። የክት ሰዓት መልክ እስከ ዛሬ የሚለካው በእርሱ ነው። እንግዲህ የክት ሰዓት አያቱ በራሪ፣ አባቱ ወታደር ነው። ጌጥ የሆነው በኋላ ነው።

ከዚያ ጃፓኖች መጡ። ሴይኮ የተባለው ኩባንያ ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 በባትሪና በኳርትዝ የሚሠራውን «አስትሮን» ቶኪዮ ላይ ለሽያጭ አቀረበ። ዋጋው 450,000 የን ነበርና ትንሽ መኪና ይገዛ ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ የኳርትዝ ሰዓት ረክሶ በየመንገዱ የሚቸረቸር ሆነ። ርካሹ የባትሪ ሰዓት በወር የሚሳሳተው ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ያህል ነው። በሞላ የሚሠራው ውዱ ሰዓት ግን በአንድ ቀን ብቻ በርካታ ሴኮንድ ሊስት ይችላል። ከዚያ ወዲህ ውድ ሰዓት የሚገዛ ሰው «ጊዜ ለማወቅ ነው» ቢል የሚያምነው የለም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ አንድ ሌላ ሰዓት ለማውራት ነው። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም.፣ ማለትም በኖቬምበር 2017፣ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር የተባለ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ጄኔቫ ላይ ሊያጫርት አዘጋጅቶ ነበር። የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣበትና ከጨረታው ወጣ። ጋዜጦች ያተኮሩት በዋጋው ላይ ነበር። እኔን ግን የያዘኝ የሰዓቱ ዓይነት ነው። ቁጥሩ 2497 ይባላል። ከ1951 ጀምሮ የተሠራ፣ በጠቅላላውም ከሁለት መቶ በታች የሆነ ዓይነት ነው። ከላይ በሁለት መስኮት ዕለትንና ወርን፣ ከታች ቀንንና ጨረቃን ያሳያል። ዋናው ተአምሩ ግን ወሮቹ 30 ይሁኑ 31፣ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29፣ ማንም ሳይነካው ራሱ ማወቁ ነው። በውስጡ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር፣ የ48 ወራትን ልክ በጠርዙ የተሸከመ ጎማ አለ። በየቀኑ እስከ ሞሉት ድረስ እስከ 2100 አይሳሳትም።

በጥበብ ረገድ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ግን በምን ይጠቅማል?

ነገሩን በዝርዝር እንየው። የሰዓቱ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ወሩ የእኛ ወር አይደለም። መስከረም አንድን ሴፕቴምበር 11 ይለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሰዓት የሚያሳየው «ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12» ብሎ ነው። ዘመኑ በገባ በማግሥቱ መሆኑን አያውቅም። የሁለት ሺህ ዓመት የፌብሩዋሪን ውጣ ውረድ ያጠና ሰዓት፣ ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን አልሰማም።

የሚያስገርመው የእኛ አቆጣጠር ለሰዓት ሠሪ የሚቀል መሆኑ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ወር እኩል ሠላሳ ሠላሳ ነው። የሚለወጠው ጳጉሜን ብቻ ሲሆን፣ እርሷም ሦስቱን ዓመት አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት ትሆናለች። በ2100 የአውሮፓው አቆጣጠር 29ኛዋን ቀን ሲዘል ያ ሁሉ የተጨነቁበት ሰዓት በእጅ መታረም ይኖርበታል። የእኛው በአራት በአራት ዓመቱ ሳያወላውል ይቀጥላል። እንቁጣጣሽም ከዚያ ወዲያ በተለመደው ዓመት በሴፕቴምበር 11 መሆኗ ቀርቶ በ12 ትውላለች።

የጨረቃውም ነገር እንዲሁ ነው። የተለመደው የጨረቃ ማሳያ 59 ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ ሁለት ጨረቃ ተሥሎበታልና አንዷን ጨረቃ 29 ቀን ከግማሽ ይላታል። እውነተኛዋ ከዚያ 44 ደቂቃ ያህል ትበልጣለች፤ ስለዚህ ማሳያው በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አንድ ቀን ይስታል። የእኛ ባሕረ ሐሳብ የተመሠረተበት የ19 ዓመት ዙር ግን አንድ ቀን ለመሳት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አበቅቴና መጥቅዕን ደምሮ ሠላሳ የሚያገኝ የአብነት ተማሪ በጣቱ የሚቆጥረው ሒሳብ፣ በዚህ በኩል ከወርቁ ሰዓት ይበልጣል።

ታዲያ የንጉሡ ሰዓት ከንቱ ነበር ልል ነው? አይደለም። የአገር መሪ ከባዕዳን ጋር ሲቀመጥ የባዕዳኑን ቀን ማወቅ አለበት፤ የራሱን ቀን የሚነግሩት ብዙ ናቸው። ከክርክሩ የተረዳሁት ግን ይህን ነው፤ የክት ሰዓት በሚናገረው ነገር መጠን ይፈርድበታል። ጥቂት የሚናገር ጥቂት ይሳሳታል። ለእኛ አገር ሰው ሚዛን የሚደፋው ቀን የሌለው፣ ሁለት ቆጣሪ ብቻ ያለው ሰዓት ነው። ከፈለግህ እንደ አውሮፓ ሞልተህ ተቃራኒውን ቁጥር ታነባለህ፤ ከፈለግህ እንደ አገርህ ታደርገዋለህ፤ ሰዓቱ አይከራከርህም።

የአባቴ ሰዓት ግን ቀን አለው፤ መከራውም ከዚያ ይጀምራል። አባቴ ሰዓቱን በአገራችን አቆጣጠር ነበር የሚሞላው። ቆጣሪዎቹ ዐሥራ ሁለት ላይ ሲገናኙ ቀኑ የሚለወጠው ሌሊት ሳይሆን ጎሕ ሲቀድ እንዲሆን አድርጎ ነበር፤ «ቀን በጨለማ አይጀምርም» ይል ነበር። የቀኑ ቁጥር ግን እስከ 31 ይሄዳል። ስለዚህ በየወሩ መባቻ 31 ብሎ የሚመጣበትን ወደ 1 መግፋት ነበረበት። ይህ በዓመት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ነው። ዐሥራ ሦስተኛው ከባዱ ነው። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሰዓቱ ጳጉሜን 6 ሊል 6 ቁጥርን ያወጣል፤ ከ6 ወደ 1 ለመድረስ ሃያ ስድስት ቀን መግፋት አለበት። ለብቻው ቀን መግፊያ የሌለው አሮጌ ሰዓት ስለሆነ አንዷ ቀን የምትገፋው ቆጣሪውን ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ በማዞር ነው። የደቂቃው ቆጣሪ 624 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። አባቴ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሲያዞር፣ የሰፈሩ ልጃገረዶች አበባዮሽ እያሉ ደጃፋችን ሲደርሱ ገና አልጨረሰም ነበር። እናቴ «ሰዓት ሆኖ አዘዘህ» ትለው ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰዓት አዳሹ ዘንድ ወሰድኩት። ክዳኑን ከፍቶ በማጉያ አየና ቀኑን የሚገፋው ጥርስ እንደ ተበላ አሳየኝ። «እንዲህ ማዞር ካልተው ይሰበራል፤ ዕቃውም አይገኝም። ቀኑን ይርሱት፤ ሰዓቱ ብቻ ይሥራ» አለኝ። ምክሩ ትክክል ነው። ከላይ የጻፍኩትም ከእርሱ ጋር ይስማማል፤ ቀን የሌለው ይሻላል ብያለሁ።

ለእኅቴ የሰጠኋት መልስ እንዲህ ነው፤ አልሸጠውም። ለሥራ በባትሪ የሚሄድ ርካሽ ሰዓት ገዝቻለሁ፤ ደህና ይሠራል። የአባቴን በሠርግና በበዓል አደርገዋለሁ። ዐሥራ ሁለቱን ወር የአዳሹን ቃል አክብሬ ቀኑን አልነካውም፤ ያሻውን ይበል። ከእንቁጣጣሽ ጎሕ በፊት ግን ከአልጋዬ ጫፍ እቀመጣለሁ። ዘንድሮ 1 ላይ ሳደርሰው ልጆቹ ሁለተኛውን ቤት ጨርሰው ወደ እኛ እየመጡ ነበር።