ከሁሉ የጠነከረው ለምን አልተመረጠም?

ቆሰበር ላይ ቀርከሃ የሚገዛ ሰው ወፍራሙን አይቶ ብቻ አያነሳም። ዕድሜውን ይጠይቃል። ለጋው በቀላሉ ይታጠፋል፣ ለቅርጫት ይሆናል፤ ለቤት ግን ሦስት ዓመት ያለፈው ነው የሚፈለገው። እንግዲህ «ጠንካራው የቱ ነው?» ከማለት በፊት «ለምን ሥራ?» ይባላል ማለት ነው። ስለ አውሮፕላን ስናወራ ግን ይህን ጥያቄ እንረሳዋለን። «ከሁሉ ጠንካራውን መርጠው ነዋ የሚሠሩት!» ብለን እናልፋለን። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም።

ንጹሕ አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ቢሆን ነው። ችግሩ ልፍስፍስ ነው፤ ስሱ በእጅ ይጎብጣል። እ.ኤ.አ. በ1906 ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም አሉሚኒየሙን ከጥቂት መዳብና ማግኒዥየም ጋር ቀይጦ፣ አግሎ፣ ውሃ ውስጥ ነከረው። ቅዳሜ ለክቶት ሄደ፤ ሰኞ ተመልሶ ቢለካው ማንም ሳይነካው ጠንክሮ አገኘው ይባላል። ምሥጢሩ ይኸው ነው፦ መዳቡ በግለቱ ጊዜ ይሟሟል፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ መውጫ ያጣል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ በዓይን የማይታዩ ጓሎች ሆኖ ይሰበሰባል። ጭነት ሲመጣ አቶሞቹ እንዳይንሸራተቱ እነዚያ ጓሎች ያግዷቸዋል። ዱራሉሚን የተባለው ቅይጥ ይህ ነው።

ወደ አገራችንም የመጣው ገና በጧቱ ነው። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን ፖቴ 25 አዲስ አበባ በገባ በሳምንታት ውስጥ የጀርመኑ ዩንከርስ ተከተለ። ገላው ዱራሉሚን፣ ቆዳውም እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነበር። ስስ ሉህ ለብቻው ይታጠፋላ! ሲሸበሸብ ግን ጭነት ይሸከማል።

ይሁንና ጥንካሬ የሰጠው መዳብ ቅይጡን ለዝገት ዳረገው። የአሜሪካው አልኮዋ ኩባንያ መላ ፈለገ፤ ጠንካራውን ሉህ በሁለቱም ፊት ስስ ንጹሕ አሉሚኒየም አለበሰው። ደካማው ጠንካራውን ጠበቀው ማለት ነው። ታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገባት ሲ-47 እንዲህ ያለ ልብስ ከለበሱት ወገን ናት። የቅይጡ ስም ዛሬ 2024 ነው።

ቀጥሎ ተራው የዚንክ ሆነ። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1936 ፈለሰፉት፣ ዜሮ ለተባለው ተዋጊያቸውም አዋሉት፤ አልኮዋም በ1943 ዛሬ 7075 የሚባለውን አወጣ። 2024 ወደ 480 ሜጋፓስካል ሲችል፣ 7075 ወደ 570 ይችላል። ታዲያ ለምን ሁሉ ነገር በ7075 አልተሠራም?

መልሱ ክንፉ ላይ አለ። በበረራ ጊዜ ክንፍ ወደ ላይ ስለሚቀለበስ የላይኛው ቆዳ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል። መወጠር ስንጥቅ ይከፍታል። ስለዚህ በቦይንግ 707 ላይኛው ቆዳ ከ7075 ወገን የሆነው ጠንካራው 7178 ሲሆን፣ ታችኛው ስንጥቅ የሚታገሠው 2024 ሆነ። አየር መንገዳችን በ1955 ዓ.ም. የጄት ዘመን የገባው የ707 ታናሽ በሆነው በ720 ነው።

ስንጥቅን መናቅ ምን እንደሚያመጣ ያሳየው የእንግሊዙ ኮሜት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ኮሜቶች በወራት ልዩነት ሜዲትራኒያን ላይ ተበታተኑ። የመንገደኛው ክፍል በየበረራው በአየር ግፊት እየተነፋና እየተነፈሰ፣ ቆዳው ደክሞ ነበር የተቀደደው። አንድ ጊዜ የመሸከም ኃይል ሌላ፣ ሺህ ጊዜ መታገሥ ሌላ!

7075ም የራሱ ጉድ ነበረበት። እርጥበትና የማያቋርጥ ውጥረት ሲገናኙበት፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ እንኳ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አስገራሚ ነው፦ ሆን ብሎ በሙቀት ከልክ በላይ ማብሰል። ቲ73 የሚባለው ይህ ማብሰል ከጥንካሬው አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ በምትኩ ስንጥቁን ይገታል። አያችሁ፣ መሐንዲሶቹ ጥንካሬ ሸጠው ዕድሜ ገዙ።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አየር መንገዳችን ከአፍሪካ ቀድሞ ቦይንግ 787ን ተረከበ። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ የካርቦን ክርና ሙጫ ውሕድ ነው፤ የአሉሚኒየም ድርሻ አንድ አምስተኛ ብቻ ሆኗል። «ለምን ሥራ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ተጠየቀ፣ መልሱም ተለወጠ።

ወንድሞችና እህቶች፣ እኛ ከ1921 ዓ.ም. ወዲህ ሌላው የመረጠልንን ስናበር፣ ስንጠግንም ኖረናል። ይህም ቀላል ሙያ አይደለም። ክፍል ውስጥ ግን ሰንጠረዥ ከፍተን ትልቁን ቁጥር መርጠን እንወጣለን። ፈተና ያልፍ ይሆናል፤ አየር ላይ ግን ሰው ይፈጃል። ቆሰበር ገበያ ላይ ገበሬው የሚጠይቀውን ጥያቄ እኛ ሰንጠረዡ ፊት ካልጠየቅን፣ ምኑን ተማርነው?